የትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ፦ ደቦ ይሁን ወንፈል?

ስለ ድንች ዘርና ስለ ስንዴ ዋግ የላካችኋቸው ጥያቄዎች ደርሰውኛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ እመለስባቸዋለሁ። ዛሬ ሌላ ጉዳይ ላንሳ። በየቀበሌው ስዞር አንድ አቤቱታ ደጋግሜ እሰማለሁ፦ «ልጄን ፊደል ይቁጠር ብዬ ብልከው ትምህርት ቤቱ ዶማ ያስይዘዋል። ቁፋሮስ ቤቱ ሞልቶት የለም ወይ?»

አቤቱታው ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ልጃችሁን የሚጎዳ ነው፤ ላስረዳ።

እውነቱን ላስቀድም። የፋርጣ ወይም የላይ ጋይንት ልጅ 12 ዓመት ሲሞላው መኮትኮት፣ ማረም፣ ፍግ መበተን ያውቃል። እንዲያውም ከከተማ ከመጣው መምህሩ ይበልጥ ያውቃል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ አትክልት ቦታ ሥራው ቁፋሮ ማስተማር ብቻ ከሆነ እውነትም ጊዜ ማባከን ነው፤ ቢቀር አይቆጨኝም።

ግን ይህን ልጅ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ቤቱ ሲሠራ የሚያዝዘው አባት አለ። «አንተ ይህን ያዝ፣ አንቺ ያንን አምጪ» ይባላል፣ ይሠራል፣ አለቀ። ክፍል ሲገባ ደግሞ ለብቻው ያጠናል፣ ለብቻው ይፈተናል፤ ከጎኑ ካለው ልጅ ወረቀት ቢያይ ኮረጅክ ተብሎ ይቀጣል። ታዲያ አዛዥ በሌለበት፣ ከእኩያው ጋር ተስማምቶ፣ ተራ ጠብቆ መሥራትን የት ይማር? እረኝነት ላይ ትንሽ ይማራል፤ ከብት በተራ ይጠብቃሉ፣ ተራውን የበላውን ልጅ አይለቁትም። ከዚያ ውጪ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው። የትምህርት ቤቱ መደብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለምን ያስፈልገዋል ብትሉ መሬታችሁን ተመልከቱ። አያቱ የያዘው ለአባቱና ለአጎቶቹ ተከፈለ። አባቱ የያዘው ለእሱና ለወንድሞቹ ሲከፈል ምን ሊደርሰው ነው? በዚያች ቁራጭ መሬት የሚኖር ሰው ብቻውን የሚወጣው ነገር ጥቂት ነው። ውኃን ውሰዱ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ነው የሚነሱት፤ በመንገዳቸው ስንቱ ቦይ ይቀዳባቸዋል። ከላይ ያለው ሰው ሌሊት ተነሥቶ ውኃውን ወደ ማሳው ቢያዞረው ከታች ያለው ሽንኩርቱ ይደርቃል፣ ከዚያ ሽማግሌ ነው፣ ክስ ነው። መንግሥት የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006ን ካወጣ ዓመታት አልፈዋል። አዋጁ ጥሩ ነው፤ ተራ መጠበቅን በ40 ዓመቱ የሚጀምር ሰው ግን ይከብደዋል።

ድንቻችንም እንደዚያው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋግ ሲወርድ ቅጠሉን አጥቁሮ የሚጨርሰውን በሽታ ታውቁታላችሁ። በነፋስ ነው የሚዛመተው። እናንተ በጊዜው ብትረጩ፣ ጎረቤታችሁ ግን የታመመውን ድንች ማሳው ዳር ከምሮ ቢተወው፣ የመድኃኒት ገንዘባችሁ ግማሹ ባከነ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ርእሴ ልምጣ። ደቦና ወንፈልን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ደቦ ሲሆን ጠሪው ጠላውንና እንጀራውን ያዘጋጃል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ይዘፈናል፣ ሥራው ባንድ ቀን ያልቃል፤ አዝመራው የጠሪው ነው። ወንፈል ሌላ ነው። አራት አምስት ሰው ሆኖ ዛሬ የእኔን፣ ነገ ያንተን እየተባለ ቀን በቀን ይመለሳል። የቀረ ሰው ዕዳ አለበት። ማን ስንት ቀን እንደሠራ ሁሉም ያውቃል፣ ማስታወሻ መያዝ እንኳ አያስፈልግም።

እኔ ያየሁት አብዛኛው የትምህርት ቤት አትክልት ቦታ የሚሠራው በደቦ ነው። አርብ ከሰዓት ደወል ይደወላል፣ 200 ልጅ ይወጣል፣ 20ው ይቆፍራል፣ የቀረው አቧራ ሲያቦን ይውላል። ሰኞ የሚያጠጣ የለም። ጎመኑ ቢደርስ እንኳ የት እንደገባ ልጆቹ አያውቁም። ልጅ ከዚህ የሚማረው በብዙ ሰው መሀል መደበቅ እንደሚቻል ነው። ይህንንማ ትልልቆቹም በቀበሌ የተፋሰስ ሥራ ላይ አሳምረን እናውቅበታለን፤ ማስተማሪያ አያስፈልገውም።

በወንፈል መልክ ይሁን ስል እንዲህ ነው። ለ5 ወይም ለ6 ልጆች አንድ መደብ ይሰጥ። የመደቡ ስፋት 1 ሜትር ይሁን፤ ልጅ በሁለቱም ወገን ቆሞ ሳይረግጠው መሀሉ ድረስ እጁ እንዲደርስ። ርዝመቱ 5 ሜትር ይበቃል። በመደብና በመደብ መካከል ግማሽ ሜትር መተላለፊያ ይተው። ያ መደብ ከዝግጅቱ ጀምሮ እስከ ለቀማው የእነዚያ ልጆች ነው፤ ሌላ አይገባበትም። ቡድኑ ደግሞ የአንድ ሰፈር ልጆች ብቻ ባይሆን ይሻላል። ዘመዳማች ሲሆኑ ታላቁ ያዝዛል፣ ታናሹ ይሠራል፣ ያው የቤቱ ነገር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ይዝሩ ብትሉኝ ካሮት እላለሁ። ጎመን ይቀላል፤ ግን ጎመን ይቅር ባይ ነው፣ ሁለት ቀን ብትረሱት መልሶ ይነሣል። ካሮት ይቅር አይልም። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ከ1 ሳንቲ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ጥልቀት ነው የሚቀበረው። ችግኝ ተፈልቶ አይዛወርም፤ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል። እንደ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ለመብቀል ከ10 እስከ 20 ቀን ይፈልጋል፤ በነዚህ ቀናት ሁሉ የአፈሩ ገጽ መድረቅ የለበትም። ስስ ደረቅ ሣር ቢለብስ ይረዳል፣ ሲበቅል ሣሩ ይነሣል። እንግዲህ ማክሰኞ ተረኛው ቀረ፣ ረቡዕ ፀሐዩ ጠነከረ እንበል። የአምስቱም ልጆች ካሮት ባንድነት ይሄዳል። መምህሩ አለንጋ ማንሣት አያስፈልገውም፤ አራቱ ራሳቸው ይሄዱበታል። «ለምን ቀረህ?» «እናቴ ታማ ነበር።» «ታዲያ ለምን አላክብንም? እኛ እናጠጣልህ አልነበር?» ትምህርቱ ይህቺ ንግግር ናት። ከብላክቦርድ ላይ አትገኝም።

ከበቀለ በኋላ ማሳሳት አለ፤ በአንዱና በሌላው መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲቀር ትርፉ ይነቀላል። ልጆች የበቀለ ነገር መንቀል አይወዱም። አንዱ «ይነቀል» ይላል፣ አንዷ «ይቅር» ትላለች። ተዉአቸው፣ ይከራከሩ። ግማሹን መደብ አሳስተው ግማሹን ቢተዉት ደግሞ በለቀማው ቀን ማን ልክ እንደነበር ያዩታል።

እዚህ ላይ እናንተ ትገባላችሁ። በገበያ ቀን ከብት የሚጠብቅ ጠፍቶ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት ስታስቀሩት፣ የቀረው እሱ ብቻ አይደለም፤ የአራት ቤት ልጆች ካሮትም አብሮ ተጠምቶ ዋለ። ማስቀረቱ ግድ ከሆነ ማታውኑ ጓደኛው ዘንድ ሄዶ ቀን ይቀያየር፣ ፍቀዱለት። ተራው በሚካኤል ወይም በማርያም ቀን ቢውልስ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ቁፋሮው ይቅር፣ እኔም ቆፍሩ አልልም። ግን ከብት በበዓል ቀን ውኃ ሳይጠጣ ይውላል እንዴ? ቡቃያ ማጠጣት ከዚያ ይለያል ብዬ አላስብም። ለማንኛውም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ሌላው የማየው ጉዳይ ውኃው ሁልጊዜ የሴት ልጆች ሥራ ሆኖ መቅረቱ ነው። ወንዱ አንድ ቀን ቆፍሮ «ሠራሁ» ይላል፣ ሴቷ ሦስት ወር ሙሉ ጀሪካን ትሸከማለች። እንዲህ ያለ ወንፈል የለም። ለዚህ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባ አለላችሁ። ዙምራ ኑሩ የመሠረተው ይህ ማኅበረሰብ ሥራን በፆታ ሳይሆን በችሎታ በመከፋፈል ይታወቃል፤ ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ ይፈትላል፣ ወጥ ይሠራል። በየቤቱ የቤተሰብ ውይይት አለ፣ ልጅም ሐሳቡን ይናገራል። መሬታቸው ጠባብ ስለሆነ በእርሻ ብቻ መኖር አልቻሉም፤ ሽመናና ንግድ ጨምረው ነው የቆሙት። በእምነት ጉዳይ ከእነሱ ጋር የማትስማሙ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። እሱን ተዉት፤ የሥራ አከፋፈላቸውን ብቻ እዩ።

«በኅብረት» ሲባል ጆሮው የሚቆም አባትም አለ። አልፈርድበትም። በደርግ ጊዜ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ተብሎ መሬትና በሬ ሲጠቃለል ያየ ሰው ነው። ሥራው በነጥብ ይቆጠራል ቢባልም፣ ምርቱ በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ሲገባ ድካሙ የት እንደደረሰ ለገበሬው አይታየውም ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማኅበሩን ለመበተን ስንት ቀን እንደፈጀ አባቶቻችሁን ጠይቁ። ግን ያ ሰው ያንኑ ሰሞን ወንፈሉን አልተወም። የጠላው የተገደደበትንና ሒሳቡ የማይታየውን ሥራ ነው።

ስለዚህ የመደቡ ሒሳብ ይታይ። አከፋፈሉን እንደሆነ ልጆች ያውቁበታል። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲመጣ፣ ከተማችን በስሙ የምትጠራው የደብረ ታቦር በዓል ማለት ነው፣ ሆያ ሆዬ የሚሉትን ልጆች ማን አደራጃቸው? አውራጁን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ሙልሙል የሚይዘውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ ማታ ሁሉም እያየ ይካፈላሉ። ያጭበረበረውን በዓመቱ አይጠሩትም። የእኔ ሐሳብ ከመደቡ ግማሹን ልጆቹ ተካፍለው ወደ ቤት ይውሰዱ፣ ግማሹ ይሸጥና ለዘርና ለውኃ ማጠጫ ይዋል፣ የተሸጠበትም ብር ብላክቦርድ ላይ ይጻፍ የሚል ነው። 3 ካሮት ይዞ የመጣ ልጅ ቤት ሲገባ እንዳትስቁበት አደራ። በሽሮው ላይ ጨምሩት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። አርፍዶ ለመጣ ተማሪ ቅጣቱ መደብ መቆፈር የሆነበት ትምህርት ቤት አለ። ልጁ እርሻ ማለት ቅጣት ነው ብሎ ያድጋል፤ ከዚያ እኛው ባለሙያዎች «ወጣቱ እርሻ ጠላ» ብለን ስብሰባ እንጠራለን። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ተናገሩ። በመጀመሪያ ያነሣሁት አቤቱታ እውነትነቱ እዚህ ላይ ነው።

የማይነገርለት ሌላ ችግር ክረምቱ ነው። ትምህርት በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል፣ ዝናቡ ያኔ ይበረታል። በሁለት ወር መደቡን አረም ይውጠዋል፣ አጥሩን በግና ፍየል ያፈርሰዋል፣ መስከረም ላይ ሁሉም ከባዶ ይጀምራል። በየዓመቱ እንዲህ ነው። ሳይዘጋ፣ በሰኔ አጋማሽ ባቄላ ይዝሩበት። ውኃ እንዳይተኛበት መደቡ ከፍ ይበል። አንድ ሁለት ጊዜ ከታረመ ራሱን ይችላል፣ አፈሩንም ያለማል። አረሙን ለትምህርት ቤቱ የሚቀርቡት ልጆች ያርሙ፤ የሩቆቹ መስከረም ላይ ሲመለሱ ዕዳቸውን በማጠጣት ይክፈሉ። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት እሸት ይጠብቃቸዋል። እሸቱ ሲነሣ ካሮቱ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሚወርደው ውርጭ ድንችን ያቃጥላል እንጂ ካሮትና ጎመን ይችሉታል።

በጸጥታው ችግር ትምህርት ቤቱ ለወራት የተዘጋበት ቀበሌ እንዳለ አልዘነጋሁም። እዚያ ያላችሁ፣ አምስት የጎረቤት ልጆችና ምንጭ አጠገብ ያለች አንድ መደብ ይበቋችኋል። እስኪከፈት አትጠብቁ።

በሚቀጥለው ጊዜ ለወላጅ ስብሰባ ስትጠሩ ጠይቁ፦ የእኔ ልጅ መደብ የቱ ነው? ተራው በየትኛው ቀን ነው? አምና የተሸጠው ስንት ብር ወጣው? ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ለአጥሩ እሾህ፣ ለመደቡ አንድ ጆንያ ፍግ ያዙ። ፍጉ የበሰለ ይሁን። ትኩስ ፍግ የገባበት ካሮት ሥሩ ሁለትና ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ካልበሰለ ጓሮ ተከምሮ ይቆይ፣ ለሚቀጥለው ዙር ይደርሳል።