መጋቢው ለምክር ቤት ቢወዳደርስ?

መጋቢያችሁ አንድ እሑድ ከመድረክ ላይ ሆነው «ለምክር ቤት ልወዳደር ነው» ቢሏችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ? ብዙዎቻችን «መንጋውን ማን ሊጠብቅ ነው?» እንላለን። እኔም ሳልል አልቀርም። ግን ይህን ስጋታችንን ሕገ መንግሥት ውስጥ ብናስገባውስ?

በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት ሰዎች አስገብተውት ነበር። በ1796 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የጸደቀው ሕገ መንግሥታቸው የወንጌል አገልጋዮች ለእግዚአብሔርና ለነፍሳት ጥበቃ የተለዩ ስለሆኑ ከዚህ ታላቅ ሥራ መዘናጋት የለባቸውም ብሎ ከሕግ አውጪው ምክር ቤት ከለከላቸው። ሲሰሙት ለአገልግሎት የተሰጠ ክብር ይመስላል። ልማዱ ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 13 ግዛቶች ሰባቱ ተመሳሳይ ክልከላ ነበራቸው።

በ1977 በቻተኑጋ ከተማ የባፕቲስት መጋቢ የነበሩት ፖል ማክዳንኤል ለግዛቲቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ተወዳደሩ። ለጉባኤው የሚፈለገው መስፈርት ከምክር ቤቱ ጋር አንድ ስለነበር ከተፎካካሪዎቻቸው አንዷ ከሰሷቸው። ሕዝቡ ግን መረጣቸው። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክልከላውን ቢያጸናም፣ በ1978 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረው፤ ጉዳዩን የተመለከቱት 8ቱም ዳኞች በውጤቱ ተስማሙ። ሕጉ ሰውየውን ወይ አገልግሎትህን ተው፣ ወይ መመረጥህን ተው ብሏቸው ነበርና።

እኔ ከዳኞቹ ጋር ነኝ። አገልጋይ ይዘናጋል የሚለው ስጋት እውነት ነው፤ በስብሰባ የሚያመሽ ባል ያላት የአገልጋይ ሚስት ከማንም ይልቅ ታውቀዋለች። ነገር ግን ይህን መመዘን ያለባቸው እርሱ፣ ሚስቱና ጉባኤው ናቸው። ከረጅም ዘመን በፊት የሞቱ ሕግ አርቃቂዎች ቤቱን እንዴት ያውቁታል?

የተሻረው ቃል ከሕገ መንግሥቱ ላይ የተሰረዘው ግን ገና በ2022 በመራጮች ድምፅ ነው። አጠገቡ ያለው አንቀጽ በዚያ ምርጫ አልተነካም፦ የእግዚአብሔርን መኖርና ከሞት በኋላ ያለውን ዋጋና ቅጣት የሚክድ ሰው የመንግሥት ሥልጣን አይያዝ ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1961 በሜሪላንድ ጉዳይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ሊሠራበት አይችልም።

እስቲ ባልና ሚስት ሆናችሁ ተነጋገሩበት፦ ይህኛውስ ይሰረዝ ቢባል እጃችሁን ታወጣላችሁ? እኔ አወጣለሁ። ባለቤቴ ግን ገና እያሰበችበት ነው።