የባድማ ምስክርነት

በአምበር አገር የገበሬ ቤት ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ በሣር ይከደን ስለ ነበረ፥ ባለቤቱ ሲለቀው ክዳኑና ግድግዳው ፈጥኖ ይበሰብሳል። የመሠረቱ ድንጋይ፥ ጉልቻው፥ ወፍጮውና መጁ፥ ገሉና ዐመዱ ግን በስፍራቸው ይቀራሉ።

ባድማውን አስተውሎ ለሚመለከት ሰው ይህ ሁሉ እንደ መዝገብ ይነበባል፤ ጉልቻው እናት ያበሰለችበትን ስፍራ፥ ከዐመዱ የተገኘ ያረረ ፍሬም ቤተ ሰቡ የተመገበውን እህል ያስረዳልና። ነገር ግን ድንጋዩ ተነሥቶ ለአጥር በዋለ ጊዜ፥ ከመዝገብ እንደ ተገነጠለ ቅጠል ምስክርነቱ ይጠፋል።

የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሀብት እስኪሆን ድረስ በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቈጠር ስለ ነበረ፥ የአያትን ባድማ ለይቶ ማወቅ ትልቅ ጉዳይ ነበረ። ያ ክርክር ከቀረ ወዲህ ግን የባለቤቱ ስም በቶሎ ይረሳል።

የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅ ያዛል። የወላጆች ፈንታ ደግሞ ሌላ ነው፤ ድንጋዩን ሳታነሡ ልጆቻችሁን ወደ ባድማው ውሰዱ፥ በዚያ የኖረውንም ሰው ስም ከሽማግሌዎች ጠይቃችሁ አጽፉ። ድንጋይ ስፍራን ይጠብቃል እንጂ ስምን አይናገርምና።