አዲሱ ቪላ ውስጥ አየር አለ ወይ?

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ደሞዝ ወይም ስለ ኢቃማ ሳይሆን ስለምንተነፍሰው አየር ነው።

አቡ ዳቢ ከ2010 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ አዲስ የሚሰራ ቤት ሁሉ «እስቲዳማ» የሚባለውን ደንብ ማሟላት አለበት። ዱባይም የራሷ ደንብ አላት። አንዱ ዓላማ መብራት መቆጠብ ነው። ግድግዳው ሙቀት እንዳያስገባ ይደረጋል፣ መስኮቱ ድርብ መስታወት ይሆናል፣ ክፍተቱ ሁሉ ይደፈናል። መጥፎ ነገር አይደለም። ግን እንዲህ የታሸገ ቤት በራሱ አይተነፍስም፤ ንጹህ አየር በማሽን መግባት፣ የቆሸሸውም በሹፋጥ መውጣት አለበት።

ብዙዎቻችን ኤሲ ካለ አየር አለ እንላለን። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት ግን ያንኑ የክፍሉን አየር ነው እያዞረ የሚያቀዘቅዘው። አየር የሚያስገባው ሌላ ማሽን ነው፣ ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ውስጥ ወይ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ችግሩ እዚህ ነው። ጎባር ሲነፍስ ማጣሪያው ይደፈናል፤ ድምፁ ይሰማል፣ አየሩ የለም። የበጋውን ሙቅ አየር አስገብቶ ማቀዝቀዝ መብራት ስለሚበላም የሚያጠፉት አሉ።

እኔ የሰራሁበት ቪላ አዲስ ነበር። ማዳም ድምፁ ረበሸኝ ብላ አስጠፋችው። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ የክፍሌም ጥግ ሻገተ። እንቅልፍ ያነሰኝ ነበር የሚመስለኝ። በኋላ ጥገና የመጣው ልጅ ማጣሪያውን ሲያወጣው አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ወፍሯል! ነገሩ የእዚህ አገር ብቻ አይደለም። ኔዘርላንድስ፣ አመርስፎርት ከተማ ውስጥ የአንድ አዲስ ሰፈር ሰዎች ታመምን ብለው ቤቶቹ ሲመረመሩ፣ ብዙዎቹ ማሽኖች በቂ አየር አይሰጡም ነበር።

ባባ ስራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ ያንን አየር የምንስበው እኛ ነን። የእኛ ክፍል ደግሞ አንዳንዴ መስኮትም የለው።

እስቲ ሶፍት ወረቀት ይዛችሁ ሹፋጡ ላይ አስጠጉት። ካልሳበው አይሰራም። በማሽኑ ተማምናችሁ ክሎሮክስን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ቡኹር በከሰል ሲጨስ መስኮት ክፈቱ፣ ከሰሉንም ክፍላችሁ አታሳድሩ፤ የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

ማጣሪያ ልታወጡ ጣሪያ ላይ አትውጡ፣ የጥገና ሰው ስራ ነው። ለማዳም «አመመኝ» ከማለት «ማማ፣ አልፊልተር ወሲኽ፣ ለልጆቹ ጥሩ አይደለም» ማለት ይሻላል። እኔ ጋ በሦስተኛው ቀን ሰው መጣ።