ለኩላሊት ዕጢ ካሜራ ወይስ ሆድ መክፈት?

ባለፈው ዓመት ለአንዲት የሞያሌ ባልደረባችን መዋጮ ስንሰበስብ ተከራክረን ነበር። ኩላሊቷ ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ተገኝቷል። ግማሾቻችን «ሆዷ ሳይከፈት በካሜራ ይሠራላት፤ ናይሮቢ እንውሰዳት» አልን። የቀረነው ደግሞ «ይህን የሚያክል ነገር በቀዳዳ እንዴት ይወጣል?» አልን። ሁለታችንም ወገን ተሳስተን ነበር።

ላፓራስኮፒ የሚባለው ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ ኩላሊት በዚህ መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ሆድን በጋዝ ይነፋና በሦስት አራት ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ኩላሊቱን ከደም ስሮቹ ይለያል። ከዚያ በከረጢት ከትቶ፣ አንዱን ቀዳዳ አስፍቶ ያወጣዋል። ዕጢው ትልቅ ከሆነ መውጫውም ትንሽ አይሆንም። «ቢላ አይነካትም» የሚለው የገበያ ወሬ ነው።

ጥቅሙ ግን እውነት ነው። የሚፈሰው ደም ያንሳል፣ ሕመሙ ይቀላል፣ ከሆስፒታልም ቶሎ ይወጣል። ቦንዳ ለምናነሳ ሰዎች ይህ ሂሳብ ነው፤ ሆዱ በረጅሙ የተከፈተ ሰው ለሳምንታት ከባድ ዕቃ አይሸከምም፣ ሱቁ ሲዘጋም ዕቁቡ አይጠብቀውም። እኛ ግን መዋጮውን ስናሰላ የሆስፒታሉን ክፍያ ብቻ ጽፈን የተዘጋውን ሱቅ ረሳነው። ነጋዴ ነን ባዮች!

ካንሰሩን በማስወገድ በኩልስ? ዕጢው ከ7 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥም ከኩላሊቱ ካልወጣ፣ ልምድ ባለው ሐኪም እጅ የሁለቱ መንገዶች ውጤት ተቀራራቢ ነው። ወደ ትልቁ የደም መላሽ ስር ከገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሆድ መክፈት ይመረጣል። በቀዳዳ ተጀምሮ ደም ካስቸገረም መሃል ላይ ሊከፈት ይችላል፤ ሐኪሙን በዚህ መውቀስ አይገባም።

ስለዚህ ከመሣሪያው በፊት የሐኪሙን እጅ እንይ እንላለን። ሲቲ ስካኑን ይዘን «ዕጢው ደም ስር ገብቷል ወይ? እርስዎ ይህን የሚያክል ስንት ሠርተዋል?» ብለን እንጠይቅ። ሆድ ከፍቶ በደንብ የሚሠራ ሐኪም በቅርብ እያለ ካሜራ ፍለጋ ወራት መቆየትን አንደግፍም።

ባልደረባችን ሽንቷ ደም እየቀላቀለ፣ እኛ ስንከራከር፣ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ጠበቀች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሆዷ ተከፍቶ ወጣላት። አሁን ገበያ ተመልሳለች፤ ቦንዳውን ግን እስካሁን እኛ ነን የምናነሳላት።