ዝገቱስ እውነት ነው፣ ክኒኑ ግን?

ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከሽቶውና ከጫማው ሥር አንድ ትልቅ የቫይታሚን ኢ ብልቃጥ አይጠፋም። ባለፈው እኛም ቤት መጣ። “ለእማዬ ነው፣ ለመርሳቱ” አለች አክስቴ። አያቴ የልጆቿን ስም ማቀያየር ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏታል። ለልቧ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ሐኪም የጠየቀ ሰው የለም።

ነገሩ ጨርሶ ውሸት ቢሆን መከራከር ቀላል ነበር። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ሆኖ ሳለ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶውን ገደማ ይወስዳል። ከዚያ ሁሉ ማቃጠል ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሸረኛ ሞለኪውሎች ይወጣሉ። አንጎል ደግሞ ስብ ይበዛበታል፤ ቅቤ ሲቆይ እንደሚበላሸው ስቡ ይበላሻል። በአልዛይመር በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የዚህ ጉዳት ምልክት ይታያል። ማይክሮግሊያ የተባሉት የአንጎል ዘበኞችም አሚሎይድ የተሰኘውን የፕሮቲን ቆሻሻ ሊያጸዱ ተነስተው፣ ቁጣቸው አልበርድ ሲል ጤነኛውን ነርቭ ይጎዳሉ። ሌባ ሊያባርር ወጥቶ ጎረቤት የሚደበድብ ዘበኛ በሉት።

እዚህ ድረስ እስማማለሁ። የማልስማማው “እንግዲያው ክኒኑ ይዋጥ” ሲባል ነው። ተሞክሯላ! (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ2005 የወጣና መርሳት የጀመራቸው 769 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ቫይታሚን ኢ በሽታውን እንዳላስቀረ አሳየ። በ2017 የወጣው፣ ከ7,500 በላይ ወንዶች የገቡበት ጥናትም እንደዚያው። ቁጣውን ያበርዳሉ የተባሉት ናፕሮክሰንና ሴሌኮክሲብም ተሞክረው አልሠሩም፤ እንዲያውም ለልብ ያሰጋሉ ተብሎ ሙከራው በ2004 ተቋረጠ።

ለክኒኑ የሚመሰክር አንድ ጥናት አለ፣ አልደብቅም። በ2014 የታተመ ነው፤ በሽታው በያዛቸው 613 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ቫይታሚን ኢ ራስን ችሎ የመልበስና የመብላት አቅም የሚዳከምበትን ፍጥነት ቀነስ አድርጓል። መርሳቱን ግን አላሻሻለም። ያም በሐኪም ክትትል ነው። ደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ያው ክኒን የመድማት አደጋን ይጨምራል፤ ይሄ ብልቃጡ ላይ ቢጻፍም በደቃቅ ፊደል ነው።

ከዚህ ይልቅ ማስረጃው ጠንከር የሚለው በጎልማሳነት ዕድሜ ስለሚመጣ የደም ግፊት ነው። ግፊቱ ሳይታከም ከቆየ በስተርጅና የመርሳት በሽታን ዕድል ከፍ ያደርጋል።

ብልቃጡን ደብቄዋለሁ። አክስቴ በየሳምንቱ እየደወለች “እየዋጠች ነው?” ትላለች። እሷ ራሷ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ግፊትሽን ከተለካሽ ስንት ጊዜሽ ነው ብላት ወሬ ቀየረች።