ጩኸትና ዜማ በአድማጭ ጆሮ

ከናይሮቢ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ካሳራኒ የሚባል ሰፈር አለ። በ1987 ለተካሄደው የመላው አፍሪካ ጨዋታ የተሠራው ታላቁ ስታዲየም የሚገኘው በዚሁ ሰፈር ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአጠገቡ በሚያልፈው የቲካ አውራ ጎዳና «ማታቱ» የተባሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች ሲመላለሱ ይውላሉ። የብዙዎቹ ገላ በሥዕል ያሸበረቀ፣ ሙዚቃቸውም መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ነው። ተሳፋሪው ግን እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ያወጋል፤ ያንቀላፋል። ለምዶታልና ጩኸት ነው አይለውም።

ከዚያችው ከተማ የተነሡ «ዱማ» የተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች በ2020 አንድ አልበም አወጡ። ዱማ በኪኩዩ ቋንቋ ጨለማ ማለት ነው። ሙዚቃው ጉሮሮን በሚሰነጥቅ ጩኸትና ፋታ በማይሰጥ የኤሌክትሮኒክ ከበሮ የተሞላ በመሆኑ፣ ይህን የሚሰማ ሰው እንደ ማታቱ ተሳፋሪ ሊያንቀላፋ አይችልም፤ ወይ ይማረካል፣ ወይ ይዘጋዋል። እንግዲህ አድማጭን የሚያስቆጣው የድምፅ መጉላት ብቻ ሳይሆን የድምፅ እንግዳነት ጭምር መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ክርክሩ በናይሮቢ አልተጀመረም። ኦርኔት ኮልማን የተባለው አሜሪካዊ በ1959 መጨረሻ ከፕላስቲክ የተሠራ ሳክስፎኑን ይዞ በኒው ዮርክ የምሽት ክበብ መጫወት ሲጀምር፣ ሊዮናርድ በርንስታይን አደነቀው፤ ማይልስ ዴቪስ ግን ነቀፈው። በ1960 መጨረሻም ኮልማን ስምንት ሙዚቀኞችን ለሁለት ከፍሎ፣ አንደኛው ቡድን በግራ ሌላው በቀኝ ድምፅ ማጉያ እንዲሰማ በማድረግ፣ 37 ደቂቃ ያህል ያለማቋረጥ የተጫወቱትን በሸክላ አስቀረጸ። የሸክላው ስም «ነፃ ጃዝ» ነው። «ዳውን ቢት» የተባለው መጽሔት በ1962 መጀመሪያ በዚሁ ሸክላ ላይ የሁለት ሐያስያንን አስተያየት አወጣ። አንደኛው አምስት ኮከብ ሰጠው፤ ሁለተኛው አንድም ኮከብ ነፈገው።

ኮልማን በ2007 የፑሊትዘርን ሽልማት ያገኘ በመሆኑ፣ ያን ሁለተኛ ሐያሲ ዛሬ እንደ ደንቆሮ መቁጠር ቀላል ነው። ፍርዱ ግን ተገቢ አይሆንም። ሐያሲው ሸክላውን ሰምቶ፣ ያልወደደውን አልወደድኩም ሲል በገዛ ስሙ ጽፏል። ይልቅስ ሊወቀስ የሚገባው ገና መርፌው ሸክላውን ሲነካ ፊቱን አጨማድዶ የሚነሣው ነው። ምንም ሳይገባው፣ አልገባውም እንዳይባል ብቻ ራሱን የሚነቀንቀውም ቢሆን ከዚህኛው አይሻልም። እስከ መጨረሻው የታገሠ አድማጭ፣ በዚያ ትርምስ መሐል ቤዞቹና ከበሮዎቹ ምታቸውን እንዳልጣሉ፣ ለእያንዳንዱ ሙዚቀኛም የመሪነት ተራ እንደሚደርሰው፣ ከየተራውም በፊት አስቀድሞ የተዘጋጀ አጭር ዜማ ሁሉም በአንድነት እንደሚነፉ ያስተውላል። ይህን ካስተዋለ በኋላ ቢጠላውም መብቱ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ደግሞ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። ሸላይና ፎካሪ ሲነሣ ድምፁን እንደ ዘፋኝ አያለዝብም። ያጓራል፤ ቃሉን ይሰብራል፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይደረድርና ድንገት ቀጥ ይላል። በከበሮ ምት አይታሰርም። ባህሉን ለማያውቅ ሰው ጠብ የተነሣ ይመስለዋል፤ የሚያውቀውን ግን ደሙን ያሞቀዋል።

በ1935 በይፋት የተወለደው ጌታቸው መኩሪያ በልጅነቱ ክራርና መሰንቆ ተጫውቷል፤ ኋላም ክላርኔትና ሳክስፎን ይዞ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግሏል። በ1950ዎቹ ያንን የሸላይ ጉሮሮ ወደ ሳክስፎን አመጣው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ሸክላው በ2003 «ኢትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ሕትመት 14ኛ ቅጽ ሆኖ እንደገና ሲታተም፣ የውጭ አገር ሐያስያን ከኮልማንና ከአልበርት አይለር ጋር ያመሳስሉት ጀመር። ንጽጽሩ ክብር ነው፤ ግን ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። አይለር የመጀመሪያ ሸክላውን ያስቀረጸው በ1962 ሲሆን፣ ጌታቸው በዚያን ጊዜ በሳክስፎን መሸለል ከጀመረ ዓመታት አልፈውታል። አሜሪካውያኑ የአባቶቻቸውን ሥርዓት ለማፍረስ የነፉትን፣ እሱ የአባቶቹን ሥርዓት ለመጠበቅ ነፋው። ሁለቱ በአንድ ድምፅ መገናኘታቸው በእውነቱ ያስገርማል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው፣ የገዛ አገሩ ወጣት ሽለላን የበዓል ቀን ማድመቂያ ብቻ አድርጎ ሲቆጥር፣ ምሥጢሩን ለማወቅ ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች መቅደማቸው ነው።

ከእነዚህም መካከል «ዘ ኤክስ» የተባሉት የኔዘርላንድ ሙዚቀኞች ይገኙበታል። በ1979 የተመሠረተው ይህ ቡድን ጊታሩ እንደ ብረት የሚፋጭ፣ ለስላሳ ዜማ ለሚወድ ጆሮ የማይራራ ነው። በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የተባለውን አልበም ከጌታቸው ጋር አወጣ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው የአንበሳ ጎፈር ደፍቶ በአውሮፓ መድረኮች ላይ ቆመ፤ አንድ የአማርኛ ቃል በማያውቁ ወጣቶች ፊትም በሳክስፎኑ ፎከረ።