ከቅነሳ በፊት የሚመጣ የትርፍ ሰዓት ሥራ

በዚህ ወር ዓምዳችን በብዙ ቤት ስለሚነሣ አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። አንድ አሠሪ ለጥቂት ወራት ሠራተኞቹን እያስመሸ ያሠራቸዋል፤ ከዚያም «ሥራ ቀዝቅዟል» ብሎ ከመካከላቸው ጥቂቶቹን ያሰናብታል። ለመሆኑ አሠሪው ሊቀንሳቸው ያሰባቸውን ሠራተኞች አስቀድሞ ትርፍ ሰዓት እንዲሠሩ ሊያስገድዳቸው ይችላልን?

በአገራችን ለዚህ መልስ የሚገኘው በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ዐዋጁ መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፥ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ሠራተኛውንም ከዚህ በላይ ሥራ ብሎ ማስገደድ እንደማይገባ ደንግጓል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው አሠሪው ሌላ መንገድ ሲያጣ፥ ያውም በ4 ምክንያት ብቻ ነው። ይኸውም አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፥ ከዐቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፥ አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ፥ እንዲሁም ያለማቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀረውን ሠራተኛ መተካት ሲያስፈልግ ነው። ይህም ቢሆን በቀን ከ4፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ነፍሰ ጡር ሴትንና 18 ዓመት ያልሞላውን ወጣት ትርፍ ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው።

እንግዲህ «ቅነሳ ሊመጣ ነውና አምሹ» የሚል ምክንያት ከ4ቱ አንዱ አይደለም። ስለዚህ የቅነሳ ሐሳብ ብቻውን ለማስገደድ መብት አይሰጥም።

ቅነሳውም የራሱ ሥርዓት አለው። አሠሪው የምርቱ ወይም የአገልግሎቱ ፈላጊ በማነሱ ሥራው ወይም ትርፉ ሲቀንስ ሠራተኛ ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ከሠራተኛው ማኅበር ወይም ከተወካዮች ጋር መመካከር፥ የ2 ወርም ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በአንድ ክፍል ትናንት ሥራ በዛ ተብሎ ከተመሸ፥ ዛሬ ደግሞ ሥራ አነሰ ከተባለ፥ ተወካዮቹ በምክክሩ ጊዜ ምክንያቱን በትሕትና ሊጠይቁ ይገባል። ሁለቱ ሁልጊዜ ይጣረሳሉ ማለት ግን አይደለም፤ የያዘውን አስቸኳይ ሥራ አስረክቦ ሌላ ፈላጊ ያጣ ፋብሪካም ይኖራልና።

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ እንመለስ። የቀን ደመወዙ 200 ብር የሆነ ሠራተኛ የሰዓት ድርሻው 25 ብር ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት ሲሠራ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 37 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፈለዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጧቱ 12 ሰዓት ከሆነ ማባዣው 1.75፥ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፥ በሕዝብ በዓል 2.5 ነው።

ይህ ገንዘብ ደስ ያሰኛል፤ ዳሩ ግን በሕጉ ዘንድ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ደመወዝ አይባልም። የስንብት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት የሚታሰብለት በደመወዙ ነው። ከላይ ያልነው ሰው 4 ዓመት አገልግሎ እንደ ሆነ፥ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፥ ለቀሩት ለያንዳንዳቸው የ10 ቀን፥ ስለ ቅነሳውም ተጨማሪ የ60 ቀን፥ በድምሩ የ120 ቀን ደመወዝ፥ ማለት 24,000 ብር ያገኛል። ያመሸባቸው ሌሊቶች በዚህ ሒሳብ አይገቡም።

ስለዚህ እናንት የቤት እመቤቶችና አባወራዎች፥ የቤቱን ኪራይና የልጆቹን ትምህርት ቤት ክፍያ በደመወዙ ልክ ወስኑ፤ የትርፍ ሰዓቱን ገንዘብ ግን ለክፉ ቀን አኑሩት። የተሠራበትን ቀንና ሰዓት፥ ትእዛዙንም የሰጠውን ሰው በደብተር ጻፉ። ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት በ6 ወር ውስጥ፥ ያለ ሕግ የተሰናበተም ሰው ወደ ሥራው ለመመለስ በ3 ወር ውስጥ ካልጠየቀ መብቱ በይርጋ ይታገዳልና አትዘግዩ።

አሠሪ የሆናችሁም አንባብያን፥ መቀነስ የማይቀር ከሆነ አስቀድማችሁ በግልጽ ንገሩ። ሠራተኛው ማምሸቱ እንጀራውን የሚያጸናለት መስሎት ጉልበቱን ሲሰጥ፥ እናንተ የስንብቱን ደብዳቤ በመሳቢያ ይዛችሁ ዝም ማለት ከቅን ሰው የሚጠበቅ አይደለም።